«ፎቶ ተነስታ ሳትገዛ ወጣች»

የጉዞና የእንግዳ አቀባበል ጥያቄዎቻችሁ

ከመስቀል ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ ቻይናውያን ወጣት ጎብኚዎች ናቸው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። የቻይና ብሔራዊ በዓል በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ይውላል። አገሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ሥራ ይፈታል። ቀደም ብሎ ፈቃድ ያገኘ ደመራ ላይ ይደርሳል። ያልደረሰ ባዶውን መስቀል አደባባይ ፎቶ ያነሳል።

ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። እኔ በስኮላርሺፕ ቤጂንግ ተምሬ፣ ተመልሼ ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል በአስጎብኚነት ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። የቻይናን ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ልብስና የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ድሮ ቻይናዎች በአውቶቡስ ነበር የሚመጡት። ግር ብለው ይገባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። አሁን የሚመጡት ልጆች ናቸው፤ ሁለት ሆነው ወይም ብቻቸውን። ባለፈው አንዷ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ፎቶ ስትነሳ ቆየች። ከዚያ በስልኳ አስተርጉማ «ለሁለት ሰዓት ታከራዪኛለሽ?» አለችኝ። ተናደድኩና አይሆንም አልኳት። ፈገግ ብላ፣ አመስግና ወጣች። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? — ሳትሸጥ የዋለች

መልስ፦ ልጄ፣ ያባረርሽው ገበያ ነው።

ሺያን የምትባል ከተማ አለች። የታወቁት የሸክላ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1974 ጉድጓድ በሚቆፍሩ ገበሬዎች የተገኙት እዚያ አጠገብ ነው። ዛሬ ማታ ማታ በከተማዋ ብትዞሪ፣ ከሺህ ዓመት በፊት እንደነበሩ የቤተ መንግሥት ሴቶች የለበሱ ልጆች መንገዱን ሞልተውታል። ልብሱ የኪራይ ነው። ፀጉር የሚሠራው፣ የሚኳኩለው፣ ካሜራ ይዞ ከኋላ የሚከተለው ሁሉ በአንድ ዋጋ ይገኛል። ሲጨርሱ ልብሱን መልሰው፣ ጂንሳቸውን አጥልቀው ወደ ባቡር ጣቢያ። ያቺ ልጅ የጠየቀችሽ የለመደችውን ነው። ንቃሽ አይደለም።

ወላጆቿ ለምን ይገዙ እንደነበርም ልንገርሽ። እኔ ቤጂንግ በደረስኩበት ዘመን ሩዝና ዱቄት በኩፖን ነበር። ኩፖኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ይገባዋል። በራስ ገንዘብ ውጭ አገር ለመዝናናት መሄድ በይፋ ደንብ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያውም በቡድን። ስለዚህ ያ ትውልድ ከአገር ሲወጣ ጎረቤቱ፣ አለቃውና የአማቶቹ ቤት በሙሉ ይጠብቁታል። ባዶ እጁን ቢመለስ ሰው ምን ይለዋል? አስጎብኚውም ከሱቁ ኮሚሽን አለው። ጉዞውን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከሱቅ የሚለቅም ድርጅት ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ የሚሠራ የቱሪዝም ሕግ አውጥተው ከለከሉት። ያ ግር ብሎ የሚገባው አውቶቡስ ሲገዛ፣ ሁሉም ወዶ አልነበረም ማለት ነው።

ልጅቷ ግን ቤቱ ዕቃ ሞልቶት አደገች። እነ እናቷ ሱቅ ለሱቅ ሲጎተቱ የዋሉበትን ጉዞ እራት ላይ ሲያወሩ ሰምታለች። እናም ሻጭ አታምንም። የምታምነው ከእሷ በፊት የመጣች፣ በዕድሜም በሐሳብም እሷን የምትመስል ልጅ የጻፈችውን ነው። ሺያዎሆንግሹ የሚባል መተግበሪያ አላቸው። እዚያ ላይ የሱቅሽ በር፣ የቀሚሱ ጥለትና የጠራሽው ዋጋ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። «ለእህቴ ብዬ ነው የቀነስኩት» ብትያት ያለፈውን ሳምንት ዋጋሽን ኪሷ ውስጥ ይዛለች።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሁለት ሦስት ቀሚስ ለኪራይ ለይ። ዋጋውንና መያዣውን ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ነጠላውን ራስሽ አልብሻት። ለቤተ ክርስቲያን እንዴት፣ ለሠርግ እንዴት፣ ለለቅሶ እንዴት እንደሚለበስ አሳያት። ይህን ፎቶ ከመነሳት እኩል ይወዱታል። አጠገብሽ ሹሩባ የምትሠራ ካለች ተስማሚ። ቀሚሱን መልሳ ስትሄድ ደግሞ ለአያቷ አንዲት የአንገት ልብስ ትገዛ ይሆናል። አያት የሚለውን ቃል ያዢልኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ስታዲየም አካባቢ ሚኒባስ አለኝ፣ ቱሪስት እይዛለሁ። ሦስት ቻይናውያን ወጣቶች በአንድ ቀን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ቅድስት ሥላሴ፣ አንድነት ፓርክ፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ፣ መርካቶና እንጦጦ አሉኝ። ምሳ እንብላ ስላቸው ከቦርሳቸው ብስኩት አወጡ። ማታ እኔ ስዘረር እነሱ የሌሊት አውሮፕላን ለመያዝ ቦሌ ወረዱ። ይሄ ምኑ ነው ሽርሽር? — ወገቡን የያዘ ሹፌር

መልስ፦ ወገብህን ይማርልህ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። በቻይና ሕግ ከአንድ ዓመት እስከ አሥር ዓመት የሠራ ሰው የሚያገኘው 5 ቀን ነው። አምስት! በዚያ ላይ በተለይ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ውስጥ 996 የሚሉት አሠራር አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ማለት ነው። እንዲህ የሚሠራ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ቀን ተኝቶ አይውልልህም።

ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። አስተዳደጉ ነው። እኔ ሙዚየም ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። ከቼንግዱ የመጣች ልጅ ነበረች። ድንቅነሽ ፊት ቆመን እኔ የለመድኩትን ማብራሪያ ጀመርኩ። በትሕትና እጇን አነሳችና ስልኳን አሳየችኝ። ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዓምድ ሰዓት፣ በሌላው ቦታ፣ በሦስተኛው ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ በአራተኛው መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ተጽፏል። ለሥላሴ ካቴድራል ፀሐይ በባለ ቀለሙ መስታወት የምትገባበትን ሰዓት ሳይቀር አስገብታለች። በየረድፉ መጨረሻ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። ለድንቅነሽ የመደበችው ጊዜ እያለቀ ነበር። የእኔ ማብራሪያ ረድፍ አልተያዘለትም።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እናቴ» አለችኝ ሳታስብ። አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች እናቷ ክረምቱን እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ትከፋፍልላት ነበር። ፒያኖ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ዋና፣ እንደገና ሒሳብ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል። አባቷ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች ነው። (የትምህርት ቤት ትምህርቶችን ለትርፍ የሚያስጠኑ ድርጅቶችን መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አግዷል። ለእሷ ግን ረፍዷል።)

የዚህ ሁሉ መድረሻ ጋኦካኦ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። በየዓመቱ ጁን 7 ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ተመዝግቦበታል። የእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን እናቶች እንዴት እንደሚጾሙና እንደሚሳሉ ታውቃለህ። እዚያም ፈተናው አዳራሽ በር ላይ እናት አባት ቆመው ይውላሉ። ፈተናው ሲያልቅ ልጁ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ስጦታ ጉዞ ነው። በሕይወቱ ማንም ያልመደበለት የመጀመሪያ ሳምንት። እናስ፣ ምን ያደርግበታል? ሠንጠረዥ ያወጣበታል! ሌላ አያውቅማ።

ሌላም ነገር ጨምርበት። በኮቪድ ጊዜ አገራቸው ድንበሯን ዘግታ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ነው። ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ብዙ ጊዜያቸውን ከግቢ ሳይወጡ ነው ያሳለፉት። በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ ተማሪዎቹ የሌሊት ባቡር ላይ ተቀምጠው እያደሩ፣ ቀን በእግር ከተማ ሲያስሱ ውለው፣ እሑድ ማታ ወደ ክፍል ይመለሱ ጀመር። ዚቦ የምትባል ብዙ ጎብኚ የማያውቃት የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ከተማ በጥብስ ሥጋ ብቻ ተጥለቀለቀች። አንተ ሚኒባስ ላይ የተጫኑት እነዚያ ናቸው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው መጥቷል። ሥራ ለቅቆ ወራት የሚዞር፣ አንድ ካፌ ተቀምጦ የሚውል። ለእኔ ግን እሱም የዚያው አስተዳደግ ልጅ ነው። ሠንጠረዡን ቀድዶ የጣለው።

ለአንተ ምክሬ ይህ ነው። ሠንጠረዡን አትጣላው፣ አርመው። ማታውኑ «ከመርካቶ እንጦጦ በዚህ ሰዓት መንገዱ ይዘጋል» ብለህ ጻፍላቸው። ምክንያት ያለው እርማት ይወዳሉ፤ «ግድ የለም እንደርሳለን» ግን ያናድዳቸዋል። በቤተ መንግሥቱ አጥር ስታልፍ ካሜራ እንዲያስቀምጡ ቀድመህ ንገራቸው። ድሮን ይዘው እንዳይመጡም ከአገራቸው ሳይነሱ አስጠንቅቃቸው። ቦሌ ላይ ሲያዝባቸው ያን ቀን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። ምሳ ይለፈን ካሉ ይለፋቸው። አንተ ግን ብላ!

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የቀበና ሰው ነኝ። ልጄ ጓንግዡ ስትማር ያገኘቻት ቻይናዊት ጓደኛዋ ቤታችን አርፋ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት። ግን ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም፤ በጠራራ ፀሐይ ትኩስ ውኃ ትጠይቀኛለች። ማታ ማታ ከአያቷ ጋር በስልክ ምስል እያየች ታወራለች፤ የበላችውን ሁሉ ታሳያታለች። ወንድም እህት የለኝም ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ጎረቤቴ «አንድ ለእናቱ እየሆኑ ተሞላቀው ነው የሚያድጉት» አለችኝ። እውነት ነው? ምግቤንስ ጠልታው ይሆን? — እናት

መልስ፦ እትዬ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ትኩስ ውኃው ለእርስዎ ቤት ንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በመላው ቻይና በተካሄደ የጤና ዘመቻ ሕዝቡ ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተሰብኳል። የባህል ሕክምናቸውም ቀዝቃዛ ነገር ለሆድ አይበጅም ይላል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየባቡሩ የፈላ ውኃ መቅጃ አለ። ፔርሙስ ሞልተው ክፍሏ ቢያስቀምጡላት እንደ ልጅዎ ትወድዎታለች።

ጉርሻውንም አይፍሩ። እዚያም ትልቅ ሰው መልካሙን ቁራጭ መርጦ እንግዳው ሳህን ላይ ያስቀምጣል። ከእጅ ወደ አፍ መሆኑ ግን መጀመሪያ ያስደነግጣቸዋል። ትንሽ ያድርጓት። የበላችውን ለአያቷ ማሳየቷ ምግብዎን ስለጠላች አይደለም። አያቷ ስለሚጨነቁ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። አንድ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ብቻ ይውለዱ የሚለው ፖሊሲ እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 ነው የቆየው። በከተማ ጥብቅ ነበር። በገጠር በብዙ ቦታ የመጀመሪያዋ ሴት ከሆነች ሁለተኛ ይፈቀድ ነበር። የከተማውን ቤት ይቁጠሩልኝ። አያት ከአባት በኩል ሁለት፣ ከእናት በኩል ሁለት፣ እናትና አባት፣ ከዚያ አንዲት ልጅ። ስድስት ትልልቅ ሰው አንዲት ልጅ ላይ ዓይኑን ተክሏል። እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቁርስ የምታበላት፣ ከትምህርት ቤት የምታመጣት፣ «ልብስ ደርቢ» የምትላት ብዙ ጊዜ አያት ናት።

አያቲቱ ማን ናቸው? እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 የነበረውን ታላቅ ረሃብ በልጅነታቸው ያዩ፣ በማኦ ዘመን የባህል አብዮት በተባለው ነውጥ ጊዜ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ከ16 ሚሊዮን በላይ የከተማ ወጣት ገጠር ገብቶ እንዲያርስ ተልኳል። የእኛን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ያስታወሱ አንባቢ ይገባቸዋል። እዚያ ግን ብዙዎቹ ዓመታት ቆይተዋል። እንዲህ ያሳለፈች ሴት የልጅ ልጇ አፍሪካ ሄዳ ምን እንደበላች ባትጠይቅ ነው የሚገርመኝ። አንዳንዶቹ የቲኬቱን ገንዘብም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እነሱ ያልሄዱበትን የልጅ ልጆቻቸው ይሄዱላቸዋል።

ተሞላቀዋል ወይ? ጎረቤትዎ በከፊል ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የ15 ዓመት ልጅ ግብፅ ሉክሶር ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በጥንታዊው ቅርጽ ላይ ስሙን ጽፎ ተገኘ። በጣም የተቆጡት ራሳቸው ቻይናውያን ነበሩ። ወላጆቹ በአገራቸው ጋዜጣ ይቅርታ ጠየቁ፤ በደንብ አላሳደግነውም ብለው። በዚያው ዓመት የቱሪዝም መሥሪያ ቤታቸው ለተጓዦች 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ አወጣ። ዛሬ የሚመጡት ልጆች ያንን ወሬ ሰምተው ነው ያደጉት። ሙዚየም ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ፣ ወረፋ ሲጠብቁ የማያቸው ለዚህ ይመስለኛል። አንዳንዴ እንዲያውም የአገራቸው ትልልቅ ሰዎች ቡድን ሲገባ ሹልክ ብለው ሌላ ክፍል ይገባሉ። አፍረው ነው። እኔ ይህን አልወድላቸውም።

ሁሉ የተሰጠው ልጅ ሁሉ ይጠየቃል፤ ይህን ጎረቤትዎ አላዩትም። ስድስቱም አርጅተው የሚያዩት ወደ እሷ ነው። ሠላሳ ሳይሞላሽ አግቢ ይሏታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ትሻማለች። ከእኔ ጋር ከሚጓዙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውም ከዚሁ ይመነጫል እላለሁ። በድሮው ቤት ለወንድሟ የሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ፣ ወንድም ሲጠፋ ለእሷ ሆነ። ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ሻንጣዋን አነሳች።

ሁሉም ግን የዚህ ቤት ልጆች አይደሉም፤ ይህን ይያዙልኝ። እናት አባቱ ፋብሪካ ሊሠሩ ከተማ ገብተው፣ እሱ ገጠር ከአያት ጋር የቀረ ብዙ ልጅ አለ። እሱም ዛሬ ይጓዛል። እያንዳንዷን ዩዋን ቆጥሮ፣ ርካሽ አልጋ ይዞ። ሠንጠረዡ የለውም። ሰው ቤት ሲገባ ግን ሳህን አንስቶ ሊያጥብ ይታገላል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ሲሏቸው ይናደዳሉ? — ከፒያሳ

መልስ፦ ትልልቆቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ወጣቶቹ ይሰለቻሉ። ቻይናዎች የሠሩት የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ቀላል ባቡሩ በ2008 ሲጀምር፣ 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ሲያቆሙ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ቻይናዊ ሲያይ ኮንትራክተር ነው የሚመስለው። ልጅቷ ግን የመጣችው ቡና ልትጠጣ ነው። ወላጆቿ ሻይ ጠጪ ናቸው። እሷ ሻንጋይ ካፌ ውስጥ ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ከአዲስ አበባ አስቀድማ አንብባለች። ፒያሳ ቶሞካ ገብታ ቆማ ስትጠጣ ስኒው ሳይቀዘቅዝ ፎቶ አያልቅላትም። ታገሷት። «ኒ ሃው» ከማለት ይልቅ «ሰላም ነው?» በሏት፤ አማርኛ መለማመድ ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ ቻይንኛ እማራለሁ። እነዚህን ወጣቶች በትርፍ ጊዜዬ ላስጎበኝ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ክፍያስ በስልክ ነው? — ተማሪ

መልስ፦ ከፈቃድ ጀምር። ያለ አስጎብኚነት ፈቃድ ሙዚየም በር ላይ ብትያዝ አፍረህ ነው የምትመለስ። እስከዚያ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር በአስተርጓሚነት ሥራ። ዋጋህን ስትጽፍ መግቢያ፣ ምሳና ነዳጅ የማን እንደሆነ ለይ። ማታ ሃያ ጥያቄ በዊቻት፣ በመልእክት መላላኪያቸው፣ ቢልኩልህ አትሰላች፤ ሠንጠረዡን እየሞሉ ነው። አንዷ በደንብ ከጻፈችልህ ሌሎቹ ራሳቸው ይፈልጉሃል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አገራቸው ጎመን የሚገዙት በስልክ ነው። ብዙዎቹ ኪሳቸው ውስጥ ገንዘብ የመያዝ ልማድ የላቸውም። ስለዚህ ቦሌ ሲደርሱ ባንክ ገብተው ብር እንዲቀይሩ ቀድመህ ጻፍላቸው፤ ያለዚያ ከእነሱ ጋር ኤቲኤም ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ስትዞር ትውላለህ።